ምዕራፍ ሰባት፦ የኋላ ኳኳታ መቼ ይሰማል?

ከወልዲያ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በሐራ በኩል ወደ አፋር ቆላ የሚዘልቀው ጉዞ፣ እንዲሁም ከመርሳና ከሲሪንቃ እየተገነጠሉ ወደ ሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡት የጠጠር መንገዶች፣ ለተሽከርካሪ የኋላ ክፍል ከባድ ፈተና ናቸው። ሐራ በሀገር ደረጃ ስሟ የሚነሣው ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ከተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ጋር ተያይዞ ቢሆንም፣ እህሉ፣ ከብቱና ሰው የሚመላለሰው ግን አሁንም በጎማ ነው፤ ከጎማውም መካከል አስፋልት በማይደርስበት ቦታ የሚታመኑት ላንድክሩዘርና ሃይሉክስን የመሳሰሉት ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠሩ መኪኖች ናቸው። የእነዚህ መኪኖች ሾፌሮች ለመካኒክ ከሚያቀርቧቸው አቤቱታዎች መካከል «ከኋላ ያንኳኳል» የሚለው በጣም የተለመደ ሲሆን፣ የተሳሳተ መልስ ከሚሰጣቸውም አንዱ ነው፤ ሾክ አብዞርበር ተቀይሮ፣ ቀጥሎ ባሌስትራው ተፈትቶ ታስሮ፣ ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ድምፁ እንደነበረ የሚቀጥልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በምዕራፍ ሦስት ባሌስትራ፣ ማለትም እየተደራረበ የሚታሰረው የብረት ቅጠል፣ የመኪናውን ክብደት እንዴት እንደሚሸከም፣ በምዕራፍ አምስት ደግሞ ሾክ አብዞርበር በውስጡ ባለው ዘይት አማካይነት የባሌስትራውን መወዛወዝ እንዴት እንደሚያበርድ ተብራርቷል። ይህ ምዕራፍ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ፣ በሚሠሩበት ጊዜ ሳይሆን በሚያንኳኩበት ጊዜ ይመለከታቸዋል።

ጆሮ ሊመሰክር የማይችለው

ኳኳታ ሲሰማ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተፈጥሯዊ ቢሆንም በመኪና ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ስሕተት ይመራል። የሰው አእምሮ የድምፅን አቅጣጫ ከሚለይባቸው ዋና ዘዴዎች አንዱ፣ ድምፁ ወደ አንዱ ጆሮ ከሌላው ምን ያህል ቀድሞ እንደደረሰ ማነጻጸር ሲሆን፣ ይህ ልዩነት ትልቁ እንኳ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ በታች ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ሲጓዝ በብረት ውስጥ ግን ፍጥነቱ ወደ 5,000 ሜትር ስለሚደርስ፣ በኋላው አክስል አጠገብ የተፈጠረ ምት በሻንሲው፣ ማለትም የመኪናው አካል በተቀመጠበት ረጅም የብረት መሠረት፣ በኩል አልፎ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ የሾፌሩ ወንበር ሥር ይደርሳል፤ ከዚያም የጋቢናው ወለል፣ በሩና ጣሪያው እየተንቀጠቀጡ ያንኑ ድምፅ ወደ አየር ይለቁታል። ሾፌሩ የሚሰማው እንግዲህ የምቱን ቦታ ሳይሆን ምቱ ያንቀጠቀጠውን ቆርቆሮ ነው። ከቀኝ የተሰማው ከግራ፣ ከመሃል የተሰማው ከጫፍ ሊሆን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቦታው ሲደበቅ ግን ጊዜው አይደበቅም። ምቱ መኪናው ምን በሚያደርግበት ቅጽበት እንደተፈጠረ፣ ማለትም ጉድጓድ ሲገባ ይሁን፣ ነዳጅ ሲረገጥ ወይም ሲለቀቅ፣ ፍሬን ሲያዝ ወይም በአንድ ጎን ሲያዘነብል፣ ማንኛውም ንቁ ሾፌር ሊናገር ይችላል። ልምድ ያለው መካኒክ ሾፌሩን ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት በጥያቄ የሚያደክመው ስለዚህ ነው።

ክፍተትና ግልበጣ

የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊገለጽ ይችላል፦ ኳኳታ የሚፈጠረው አንድ መገጣጠሚያ ክፍተት ሲኖረውና በዚያ መገጣጠሚያ የሚያልፈው ኃይል አቅጣጫውን ሲገለብጥ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ድምፅ አይሰጥም።

ይህን ለመረዳት ጋራዥ መግባት አያስፈልግም፤ በሀብሩ ማሳዎች በበሬ የሚታረስበት ወቅት ይበቃል። ሞፈርና ቀንበር የሚተሳሰሩት ምራን በሚባለው ጠፍር ነው። ምራኑ አዲስና ጥብቅ ሲሆን እንጨቱ ከእንጨቱ ጋር አይገናኝም፤ ቆዳው በመካከላቸው ሆኖ ጉትቻውን ይቀበላል። ምራኑ ደርቆና ተበልቶ ሲላላ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ያም ሆኖ በሬዎቹ ትልሙን ይዘው እኩል እስከሳቡ ድረስ ቀንበሩ ወደ ፊት፣ ሞፈሩ ወደ ኋላ ስለሚጎተቱ ክፍተቱ በአንድ በኩል ተዘግቶ ይቆያል፤ ምንም የሚሰማ ነገር የለም። በሬዎቹ በትልሙ ጫፍ ቆመው ሲዞሩ ጉትቻው ይለቃል፤ ዳግም ሲስቡ ክፍተቱ በቅጽበት ይዘጋና እንጨት ከእንጨት ይጋጫል። የላላው ምራን ቀኑን ሙሉ የላላ ቢሆንም የሚሰማው በመነሻና በመቆሚያ ብቻ ነው። ገበሬው የላላውን ለማወቅ ጆሮውን ወደ ቀንበሩ ማስጠጋት አያስፈልገውም፤ ድምፁ በየትልሙ ጫፍ መሰማቱ ራሱ ይነግረዋል።

በመኪናው የኋላ ክፍል የምራኑን ሥራ የሚሠራው ጎሚኒ ነው። ጎሚኒ በሁለት ብረቶች መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ የጎማ ቀለበት ሲሆን፣ ብረቶቹ እርስ በርስ ሳይነካኩ በመጠኑ እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋል። ሙቀት፣ ዘይትና አቧራ ጎማውን ያደርቁታል፤ ይሰነጠቃል፣ ይበላል፣ በመጨረሻም ክፍተት ይተዋል። የአንድ ላንድክሩዘር የኋላ ክፍል ብዙ እንዲህ ያሉ መገጣጠሚያዎች አሉት፤ ሁሉም ከጊዜ ብዛት በመጠኑ ሊላሉ ይችላሉ። በእያንዳንዳቸው የሚያልፈው ኃይል የሚገለበጠው ግን በተለያየ ቅጽበት ስለሆነ፣ የምርመራው ጥበብ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ ይቆማል።

ከኋላ ምን ምን ይጋጠማል?

እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ የቀረበው የላንድክሩዘር 70 ትውልድ፣ ሃርድቶፑና ፒክአፑ ጭምር፣ ለሥራ በተሠሩት ሞዴሎቹ ከኋላ ባሌስትራ ይጠቀማል፤ ሃይሉክስም እንዲሁ። በደርግ ዘመን በብዛት የታየው የሶቪየቱ ዋዝ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ የቆመ ነበር። የአሠራሩ መሠረት በሁሉም አንድ ነው። የባሌስትራው ዋና ቅጠል በሁለቱ ጫፎቹ እንደ ቀለበት ተጠቅልሏል፤ የፊተኛው ቀለበት በጎሚኒና በቡሎን ከሻንሲው ጋር በቋሚነት ይያያዛል፣ የኋለኛው ደግሞ ባሌስትራው ሲጫን ስለሚረዝም ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚወዛወዝ ማያያዣ ላይ ይንጠለጠላል። አክስሉ በባሌስትራው መካከል ላይ የሚታሰረው በሁለት ጎኑ ወርዶ በዳዶ በሚጠብቅ የታጠፈ ቡሎን ሲሆን፣ ቅጠሎቹን የሚሰፋውና አክስሉ ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚይዘው ቀጭን የመሃል ቡሎን ከሥሩ ይገኛል። ሾክ አብዞርበሩ በላይኛው ጫፉ ከሻንሲው፣ በታችኛው ከአክስሉ ጋር በጎሚኒ ይያያዛል። በመጨረሻም አክስሉ ከመጠን በላይ ሲነሣ ሻንሲውን እንዳይመታ የተቀመጠ ጠንካራ የጎማ ትራስ አለ።

በእነዚህ መገጣጠሚያዎች የሚያልፈው ኃይል ሦስት ዓይነት ነው፤ የምዕራፉም ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የባሌስትራው ኃይል መኪናው በቆመበትም ጊዜ ወደ ላይ ይገፋል፤ ክብደት ሁልጊዜ ስላለበት ብዙም አይገለበጥም። የሾክ አብዞርበሩ ኃይል ግን በእያንዳንዱ እብጠት ላይ ይገለበጣል፤ አክስሉ ሲነሣ ይቃወማል፣ ሲወርድም ይቃወማል፣ ስለዚህ የሁለቱ ጫፎቹ ጎሚኒዎች በተራ ይገፋሉና ይጎተታሉ። ሦስተኛው፣ መኪናውን ወደ ፊት የሚገፋውና ፍሬን ሲያዝ የሚያቆመው የርዝመት ኃይል ሲሆን፣ በባሌስትራው ቀለበቶች፣ በተለይም በፊተኛው በኩል ያልፋል፤ የሚገለበጠውም ሾፌሩ ነዳጁን ሲለቅና ፍሬን ሲይዝ ነው።

የአፍታዎቹ ምስክርነት

ከዚህ በመነሣት አንድ ኳኳታ በየትኛው ኃይል መገልበጥ እንደተፈጠረ ማወቅ ይቻላል። መኪናው በዝግታ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት፣ በትናንሽ ጠጠሮችና እብጠቶች ላይ ሲሄድ ተከታታይና ፈጣን ድምፅ ከተሰማ፣ ባዶም ይሁን ተጭኖ ካልተለወጠ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የሾክ አብዞርበሩ መያዣ ነው፤ ክብደት ሲጨመር የባሌስትራውን ቀለበት ይበልጥ አጥብቆ ይይዘዋል፣ የሾክ አብዞርበሩን ግልበጣ ግን አያስቀረውም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ሾክ አብዞርበሩን ራሱን ይወቅሳል። ዘይቱን ያፈሰሰ ሾክ አብዞርበር መኪናው ከእብጠት በኋላ ደጋግሞ እንዲወዛወዝ ያደርጋል እንጂ ብዙ ጊዜ አያንኳኳም፤ የሚያንኳኳው የተበላው ጎሚኒ ነው፣ ዋጋውም ከሾክ አብዞርበሩ ጋር አይወዳደርም።

በዝግታ መሞከር ሌላም ጥቅም አለው። በጠጠር መንገድ ላይ ጎማዎች የሚፈጥሯቸው ተከታታይ ሞገዶች ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተራርቀው ይገኛሉ። ርቀቱ 75 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ያህል ሞገዶችን ይመታል፤ ምቶቹ ተቀላቅለው የማይለይ ንዝረት ይሆናሉ። በ10 ኪሎ ሜትር ግን በሰከንድ አራት ገደማ ስለሚሆኑ እያንዳንዱን ከመኪናው እንቅስቃሴ ጋር ማዛመድ ይቻላል።

ድምፁ የሚሰማው መኪናው ሲነሣ፣ ማርሽ ሲቀየር ወይም ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ግልበጣው የርዝመት ነው። ከወልዲያ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና የሚወጣው የቻይና መንገድ ይህን ለመለየት ያመቻል፤ በዳገቱ ላይ በእያንዳንዱ የማርሽ ቅየራ ጉልበቱ ይለቅና እንደገና ይያዛል፣ በቁልቁለቱ ደግሞ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። እዚህ ላይ ከባሌስትራው ፊተኛ ቀለበት በተጨማሪ ሁለት ተጠርጣሪዎች ይመጣሉ። አንደኛው ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላው አክስል ጉልበት የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ፣ መካኒኮች ክሮቼራ የሚሉት፣ ሲሆን ድምፁ ጥርት ያለ የብረት ጠቅታ ነው፤ የመንገዱ መጥፎነትም ብዙ አይለውጠውም። ሁለተኛው አክስሉን ከባሌስትራው ጋር ያሰረው የታጠፈ ቡሎን መላላት ነው። ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው፤ ማሰሪያው ሲላላ የርዝመቱ ኃይል ሁሉ በቀጭኑ የመሃል ቡሎን ላይ ይወድቃል፣ ቡሎኑም ሲቆረጥ አክስሉ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ስለሚሸሽ መኪናው በቁልቁለት ላይ ራሱን መምራት ይጀምራል። ስለዚህ በርዝመት ግልበጣ የሚመጣ ኳኳታ እስኪመረመር ድረስ ጭነት መጫን አይገባም።

መኪናው ቦይ በሰያፍ ሲሻገር፣ አንዱ የኋላ ጎማ ሲወርድ ሌላው ሲነሣ የሚሰማ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከባሌስትራው የኋላ ተወዛዋዥ ማያያዣ ወይም ቅጠሎቹ እንዳይለያዩ ከሚይዟቸው ቀጫጭን የብረት ክሊፖች ይመጣል። ሙሉ ጭነት ይዞ ጥልቅ ጉድጓድ ሲገባ የሚሰማው አንድ ከባድ «ድም» ደግሞ የጎማው ትራስ ድምፅ ነው፤ ትራሱ ካለ ጭነቱ በዝቷል ወይም ባሌስትራው ተኝቷል ማለት ነው፣ ትራሱ ወድቆ ከሆነ ግን ብረት ከብረት እየተመታ ነው።

አንድ ነገር ግን ሰውን ግራ ያጋባል፦ ባዶውን የሚያንኳኳ መኪና ሲጫን ጸጥ ማለቱ። ብዙ ሾፌር ይህን ሲያይ ችግሩ ከባድ አይደለም ብሎ ይተወዋል። ነገሩ ግን በትልሙ መካከል ያለው የላላ ምራን ነው፤ ክብደቱ ክፍተቱን በአንድ በኩል ዘግቶ ያዘው እንጂ አላጠፋውም። በአንጻሩ በግማሽ ጭነት ብቻ የሚሰማ ኳኳታ አለ፤ በብዙ ፒክአፖች ላይ ከዋናው ባሌስትራ ጋር የተደረበው ረዳት ቅጠል ሆነ ተብሎ ክፍተት ተትቶለት የተሠራ በመሆኑ፣ ጭነቱ ከመንካትና ካለመንካት ድንበር ላይ ሲያደርሰው በየእብጠቱ ይገናኛል፣ ይለያያል። ይህ ብልሽት አይደለም።

ጣት፣ አቧራና ኖራ

ጊዜው ተጠርጣሪዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ካደረሳቸው በኋላ ማረጋገጥ ይቀራል። ከዚያ በፊት ግን ከሰስፔንሽኑ፣ ማለትም ከዚህ ሁሉ ተሸካሚ ክፍል፣ ጋር ምንም የማይገናኙት ነገሮች ይወገዳሉ፦ ያልታሰረ ክሪክ፣ ከፒክአፑ ሥር በሰንሰለት የተንጠለጠለ ስኮርታ፣ መያዣው የተቆረጠ የማርሚታ ቱቦ፣ የላላ የኋላ ሳንቃ። ስኮርታው በተለይ አታላይ ነው፤ በእያንዳንዱ እብጠት ላይ ልክ እንደ ሾክ አብዞርበር መያዣ ይመታል። ለጥቂት ኪሎ ሜትሮች አውርዶ መሞከር ምንም ወጪ የለውም።

ከዚያ በኋላ መኪናው በደልዳላ ቦታ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ታግደው ይቆማል። አንድ ሰው የኋላውን ሳንቃ ወይም መከላከያ ወደ ታች እየተጫነና እየለቀቀ፣ በሌላ ጊዜም ወደ ጎን እየገፋ መኪናውን ያወዛውዛል፤ ሌላው ጣቱን በመገጣጠሚያው ላይ፣ አንዱን ወገን ከሌላው ጋር በሚያዋስነው መስመር ላይ፣ ያሳርፋል፤ ወደ ክፍተቱ ውስጥ ግን ጣት አይገባም። ጆሮ ያልለየውን ክፍተት ጣት ይለየዋል፤ ጤነኛ ጎሚኒ ለስላሳ መጎተት ሲሰጥ የተበላው አጭር ምት ይሰጣል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ግን በማንኛውም ሁኔታ ሊደረግ አይገባም፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም።

የሐራና የአካባቢዋ ቆላ አቧራ በሌላ ጊዜ ጠላት ቢሆንም በምርመራ ጊዜ ረዳት ነው። ከጠጠር ጉዞ የተመለሰ መኪና ሥሩ በሙሉ በአንድ ቀለም አቧራ ይሸፈናል፤ የሚንቀሳቀስ ብረት ግን አቧራውን ስለሚያራግፍ በዳዶ ወይም በቀለበት ዙሪያ ጠባብ ንጹሕ መስመር ይተዋል። መስመሩ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብረት ብረትን እያፋጨ ነው፣ በዙሪያው ቀይ ዱቄት ከታየ ደግሞ መፋጨቱ ሰንብቷል። መኪናውን ወደ ጋራዥ ከማምጣት በፊት ሥሩን በውኃ ማጠብ፣ ምንም እንኳ ለመካኒኩ አክብሮት ቢመስልም፣ ይህን ማስረጃ ያጠፋዋል።

በታጠፈው ቡሎን ላይ ጥርጣሬ ካለ በኖራ ወይም በቀለም ከዳዶው አልፎ እስከ ማረፊያው ብረት የሚዘልቅ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመራል፤ ሌላ መስመር ደግሞ ከባሌስትራው ቅጠሎች ወደ አክስሉ መቀመጫ ይሰመራል። ከአንድ ጉዞ በኋላ መስመሩ ከተቆረጠ ዳዶው ዞሯል ወይም አክስሉ ተንሸራቷል። በቅጠሎቹና በክሊፑ መካከል የአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ለጊዜው መጠቅጠቅም ጠቃሚ ሙከራ ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ወይም ከደነዘዘ ተጠርጣሪው ተገኝቷል። የሾክ አብዞርበሩን መያዣ ለመለየት ደግሞ አንዱን ሾክ አብዞርበር ፈትቶ በቀስታ አጭር ርቀት መንዳት ይቻላል፤ ኳኳታው አብሮ ከወረደ ክርክሩ ያበቃል።

ይህ የመጨረሻው ሙከራ በባሌስትራ ላይ ለቆሙ መኪኖች እንጂ ከኋላ ሞላ፣ ማለትም የተጠቀለለ ስፕሪንግ፣ ለተገጠመላቸው አይመከርም። እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ላንድሮቨሮችና ፕራዶዎች ሞላ አላቸው፤ በእነሱ ላይ ሾክ አብዞርበሩ የአክስሉን መውረድ የሚገድብ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲፈታ ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ብዙ የሞላ መኪኖች አክስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚይዙት በተለዩ ክንዶች፣ ወደ ጎን ደግሞ በሰያፍ በተዘረጋ ዘንግ ስለሆነ፣ በእነዚህ ላይ መሪው በቀስታ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ የሚመጣ ኳኳታ መጀመሪያ የዚያን ዘንግ ጎሚኒዎች ያስጠረጥራል። ሐሳቡ ያው ነው፤ የሚለወጡት የመገጣጠሚያዎቹ ስሞች ናቸው።

ጎሚኒ የሚጠብቀው በምን አቋም ነው?

ትክክለኛው ጎሚኒ ተለይቶ፣ በአዲስ ተቀይሮ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ድምፁ እንደገና ሲመጣ አብዛኛው ሰው ዕቃው ሐሰተኛ ነው ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ቡሎኑ በጠበቀበት አቋም ላይ ነው። መኪናው በሻንሲው ተነሥቶ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ እስከ መጨረሻው ከጠበቀ፣ ጎማው በዚያ በተንጠለጠለው አቋም ይነክሳል፤ መኪናው መሬት ሲነካ ባሌስትራው ይነሣና ጎሚኒው ቆሞ እያለ እንኳ ተጠምዝዞ ይውላል፤ በየእብጠቱም የበለጠ ይጠመዘዛል፣ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል። ትክክለኛው አሠራር ቡሎኑን በእጅ ጥብቀት ብቻ ማስያዝ፣ መኪናውን በጎማዎቹ ላይ ማሳረፍ፣ ክብደቱ ቦታውን እንዲይዝ ጥቂት ማወዛወዝ፣ ከዚያ በኋላ ማጥበቅ ነው።

የታጠፈው የአክስል ቡሎን በተቃራኒው የመጀመሪያ ጥብቀቱ በቂ አይደለም፤ በአዲስ ከተገጠመ በኋላ ቅጠሎቹ እርስ በርስ እየተቀመጡ፣ ቀለሙና ዝገቱ እየተፈጨ ስለሚላላ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ እንደገና ይጠብቃል። ቀደም ብሎ የተሰመረው የኖራ መስመር እዚህም ያገለግላል፤ ከሁለተኛው ጥብቀት በኋላ ዳግም ከተቆረጠ ቡሎኑ ተለጥጧል ማለት ስለሆነ ከነዳዶው በአዲስ ይተካል።